ተቀጽላ ናት ብለን የምንጥላት ኦርኪድ

«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። እኔም ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ወርቋ ኤራንጊስ ሉቲዮአልባ የምትባል ትንሽ ኦርኪድ ናት። ሮዶስቲክታ የሚል ተጨማሪ ስም ያላት ዓይነቷ ከካሜሩን እስከ ኢትዮጵያና ታንዛኒያ ባሉ እርጥብ ደኖች ትበቅላለች። ቅጠሎቿ ስንዝር አይሞሉም። አበባዋ ግን ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ እንደ ደም ጠብታ የቀላ ነጥብ አለው። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ አበባ ወዳጆች ገንዘብ ከፍለው ገዝተው በቤታቸው ያሳድጓታል። እኛስ? «ተቀጽላ ናት፣ ዛፉን ትመጠዋለች» ብለን ፍቀን እንጥላታለን።

እስቲ ነገሩን እንለየው። ተቀጽላ ብለን የምንጠራው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ሥሩን እንጨቱ ውስጥ ሰዶ የዛፉን ውኃና ማዕድን የሚወስድ ጥገኛ ነው። ኦርኪዷ ግን ቅርፊቱ ላይ ተለጥፋ ትቀመጣለች እንጂ ከዛፉ የምትመጠው ነገር የለም። ሥሮቿን የሸፈነው ስፖንጅ መሰል ሽፋን፣ ማለትም ቬላመን፣ ዝናቡንና ጤዛውን ይይዝላታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን የደን መቆራረጥና የቡና ልማት በዛፍ ላይ የሚኖሩ ኦርኪዶችን እንደሚጎዳ አሳይቷል። ገበሬውን ግን አልወቅስም፤ ልዩነቱን ማን ነገረው?

ጥፋቱ የእኛም ነው። እኔ ራሴ ለመስክ ትምህርት በወጣንበት ጊዜ አንዷን ከቡና ዛፍ ላይ ነቅዬ ዶርም ይዤ መጣሁ። በጣሳ፣ በቀይ አፈር ተከልኳት። ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣኋት። ወር ሳይሞላት ሥሯ በስብሶ ሞተች። አየር የለመደ ሥር አፈር ውስጥ ቀብሬ «ተንከባከብኳት» ማለቴ ነው እንግዲህ!

አያያዟ ግን ከባድ አይደለም። ቅርፊቱ ያልተላጠ ቁራጭ እንጨት ላይ በጥጥ ክር ሳይጠብቅ ትታሰራለች። ሥሯ እንጨቱን ሲይዝ ክሩ ይፈታል። ቀጥታ ፀሐይ በማያገኛት፣ ነፋስ ግን በሚዘዋወርበት ጥላ ሥር ትሰቀላለች። በደረቅ ወቅት ጠዋት ጠዋት በዝናብ ውኃ ትረጫለች፤ እስኪመሽ ሥሯ መድረቅ አለበት። ማዳበሪያ ከተሰጣት መመሪያው ከሚያዘው መጠን ሩቡ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃታል።

በእኔ አስተያየት ዲፓርትመንታችን ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል። አንደኛ፣ ለሄርባሪየም እያልን ኦርኪድ ከዛፍ መንቀል ይቅርብን። ቡና ሲገረዝና ቅርንጫፍ ሲወድቅ መሬት ላይ የሚቀሩትን፣ ባለቤቱንና የሚመለከተውን አካል አስፈቅደን እናንሳ። ሁለተኛ፣ ከግሪን ሃውሱ አንድ ጥግ ይሰጠንና እዚያ እናሳድጋቸው። ሦስተኛ፣ ዘሯን በላቦራቶሪ ለማብቀል እንሞክር። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ፣ ስንቅ ያልቋጠረ ነው፤ በተፈጥሮ ፈንገስ ካልረዳው አይበቅልም። ሉዊስ ኑድሰን የተባለው አሜሪካዊ ግን ስኳርና ማዕድን በገባበት አጋር ላይ ያለ ፈንገስ ማብቀል እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1922 አሳይቷል። መቶ ዓመት ያለፈው ዘዴ ነው፤ ለመመረቂያ ጥናት የሚሆን ርዕስ ለምትፈልጉም ይኸውላችሁ።

«ለፕራክቲካል የሚሆን ኬሚካል አጥተን ምን አበባ አመጣብን?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ሦስተኛው ሐሳቤ ወጪ ይጠይቃል፤ ይቆይ ከተባለ ይቆይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን የሚፈልጉት ክር፣ እንጨት፣ የዝናብ ውኃና ተራ የሚገባ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ቡና አምራቹን ግቢያችን ጋብዘን፣ ኦርኪዷ በደረቀ እንጨት ላይ ጭምር ስታብብ ብናሳየው፣ ዛፉን እንደማትመጥ ከማንኛውም ንግግር በላይ ይገባዋል።

የካፋና የያዩ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብለው ተመዝግበዋል። ደስ ይላል። መዝገብ ብቻውን ግን ቅርንጫፍ ላይ ያለችውን አያድናትም። በሚቀጥለው የመስክ ጉዞ እጃችን ለመንቀል ሲዘረጋ ቆም እንበል። እኔ አንዷን ገድዬ ተምሬያለሁ፤ እናንተ ሳትገድሉ ተማሩ።

ቸር ይግጠመን!