«የስ» ስንል ምን ማለታችን ነው?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ የሰዋስው ትምህርት ይመስላል። ነገር ግን ከክፍል ወጥቶ ክሊኒክም፣ ቢሮም፣ ፈተናም ድረስ የሚከተለን ነገር ነው። ጉዳዩ እንግሊዝኛን በአሉታ መናገር ነው፤ ይኸውም «አይደለም»፣ «የለም»፣ «አልሄድኩም» የምንለውን በእንግሊዝኛ ማለት። እኔ እንደሚመስለኝ ይህን ትምህርት የምንሰጥበት ቅደም ተከተል ተገላብጧል። «ዶንት»፣ «ዲድንት»፣ «ካንት» የሚሉትን አጫጭር ቃላት በሠንጠረዥ እናስጠናለን፤ ለጥያቄ በትክክል መመለስን ግን እንዘነጋለን። መቅደም የሚገባው መልሱ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን የጻፍኩትም የላቲን ፊደል ያልለመዱ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር አብረው እንዲያነቡት ብዬ ነው።

ከሁሉ የሚብሰውን ላስቀድም። በአማርኛ አንድ ሰው «እዚህ ዘመድ የለህም?» ብሎ ቢጠይቀኝና ባይኖረኝ፣ «አዎ፣ የለኝም» እላለሁ። «አዎ» ያልኩት የጠያቂውን አባባል በመቀበል ነው። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይሠራም። «ዶንት ዩ ሃቭ ኤኒ ሬላቲቭስ ሂር?» ተብሎ ሲጠየቅ «የስ» ብሎ ዝም ያለ ሰው «አዎ፣ ዘመድ አለኝ» ብሏል። ዘመድ የሌለው ሰው መልሱ «ኖ፣ አይ ዶንት» ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ሰው እውነቱን ተናግሮ በመዝገቡ ላይ ተቃራኒው ሊጻፍበት ይችላል። በሌላ ቀን ያንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ ሲጠየቅ ደግሞ ቃሉን የለወጠ ይመስላል። አልዋሸም፤ ያሳሳተችው አንዲት ቃል ናት።

ክሊኒክም እንዲሁ ነው። ነርሷ «ዲድንት ሺ ቴክ ዘ ሜዲስን?» ብትል፣ ማለትም «መድኃኒቱን አልወሰደችም?» ብትል፣ እናት በአማርኛው ልማድ «የስ» ስትል «አዎ፣ አልወሰደችም» ማለቷ ነው። ነርሷ የምትሰማው ግን «ወስዳለች» ነው። በዚህ ላይ እኛ አየር ወደ ውስጥ ስበን «እህ» የምንለው የአዎንታ ድምፅ አለ። ለማያውቀው እንግዳ ሰው ይህ መደንገጥ እንጂ መልስ አይመስለውም።

ይህ የሚሆነው እኛ ሰነፎች ስለሆንን አይደለም። የቋንቋዎቹ መንገድ ስለሚለያይ ነው። የአማርኛው «አዎ» ጥያቄውን ያያል፤ የእንግሊዝኛው «የስ» ነገሩን ራሱን ያያል። እዚህ በምሥራቅ አፍሪካም ብዙ ሰው እንግሊዝኛ ሲናገር እንደ እኛው ስለሚመልስ ገበያ ላይ ችግሩ አይታወቅም። ፈተና ላይና ከሩቅ አገር በመጣ ሠራተኛ ፊት ግን ይታወቃል። ደንቡ አንድ ነው፤ የጠያቂውን አረፍተ ነገር ትታችሁ የራሳችሁን መልስ ተመልከቱ። በመልሳችሁ ውስጥ «ኖት» ካለ በ«ኖ» ጀምሩ፤ ከሌለ በ«የስ» ጀምሩ። «የስ» ብሎ «ኖት» ማስከተል በእንግሊዝኛ አይሄድም። ከዚያም በአንድ ቃል ብቻ አትቁሙ። «ኖ፣ ሺ ዲድ ኖት ቴክ ኢት» ብሎ የሚጨርስ ሰው ቢሳሳት እንኳ አድማጩ ስህተቱን ይይዝለታል። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላልና ቃሉ ከመውጣቱ በፊት ሙሉ ይሁን።

ሁለተኛው አደጋ «ካን» እና «ካንት» ናቸው። አንደኛው «እችላለሁ»፣ ሁለተኛው «አልችልም» ነው። አሜሪካኖች ሲናገሩ የመጨረሻዋን «ት» ብዙ ጊዜ ይውጧታል። ታዲያ እነርሱ ራሳቸው በምን ይለያሉ? በክብደቱ ነው። በአዎንታ «አይ ክን ጎ» ብለው ቃሏን ያቀሏታል፤ በአሉታ ግን «አይ ካን ጎ» ብለው ድምፁን ይጫኑታል። እኛ ደግሞ «እችላለሁ» ለማለት «ካን»ን ጫን አድርገን እንጠራለን። ስለዚህ «ልጁ መብላት ይችላል» ያልነው «አይችልም» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በአሉታ ጊዜ «ካን ኖት» ብላችሁ ሁለቱንም ድምፅ በሙሉ አውጡ። በጽሑፍ ግን «ካኖት» ተያይዞ እንደ አንድ ቃል ይጻፋል።

ረጅሙ አነጋገር ይቅደም የምለው ለዚህ ብቻ አይደለም። አማርኛ አሉታን በግሱ ፊትና ኋላ ያስራል፤ «ሄድኩ» የነበረው «አልሄድኩም» ይሆናል። እንግሊዝኛ ግን ረዳት ግስ ጠርቶ «ኖት»ን ከእርሱ ኋላ ያቆማል፦ «ዱ ኖት»፣ «ደዝ ኖት»፣ «ዲድ ኖት»። ረዳቱ ጊዜውንና ባለቤቱን ስለተሸከመ ዋናው ግስ ወደ መነሻው ይመለሳል። ስለዚህ «አይ ዲድ ኖት ዌንት» ስህተት ነው፤ «አይ ዲድ ኖት ጎ» ትክክል ነው። «ሂ ደዝ ኖት ጎስ» ስህተት ነው፤ «ሂ ደዝ ኖት ጎ» ትክክል ነው። «ዲድንት»ን እንደ አንድ ያልተፈታ ቃል የሸመደደ ልጅ በውስጡ «ዲድ» እንዳለ አያይም፤ ስለዚህ ጊዜውን ሁለት ጊዜ ይቆጥራል።

ሌላው ከአማርኛ ይዘነው የምንመጣው ልማድ «ምንም አላየሁም» የሚለው ነው። በእኛ ቋንቋ «ምንም» እና «አላ...ም» ተደጋግፈው ይቆማሉ። በመደበኛ እንግሊዝኛ ግን አንድ አሉታ ይበቃል፦ «አይ ዲድ ኖት ሲ ኤኒቲንግ» ወይም «አይ ሶው ናቲንግ»። ሁለቱን ቀላቅሎ «ዲድ ኖት ሲ ናቲንግ» ማለት በፈተና ነጥብ ያስቀንሳል። ድሮ እንግሊዞችም ሁለት አሉታ ይደራርቡ ነበር። እንደ ሮበርት ላውዝ ያሉ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰዋስው ጸሐፊዎች ናቸው ደንቡን በመጽሐፍ ያጠነከሩት። እንደዚሁም በ1611 የታተመውን የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ ተማሪዎች ያለ «ዱ» የተጻፈ «አይ ኖው ኖት» ታገኛላችሁ። ያ የዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ነው፤ ለድርሰታችሁ አትዋሱት።

አንዳንድ ሰዎች «እንግሊዞች የሚናገሩት አሳጥረው ነው፤ ልጆቹን ለምን እንደ መጽሐፍ እናስቀባጥራቸዋለን?» ይላሉ። አባባሉ እውነትነት አለው። አጭሩን የማያውቅ ልጅ ሲሰማና ሲያነብ ይቸገራል። እኛም ብንሆን «የት አለ» የነበረውን «የታለ» እንላለን፤ ማሳጠር የማንኛውም ቋንቋ ጠባይ ነው። ስለዚህ አጭሩም ይጠና፤ ግን ከረጅሙ በኋላና በምክንያቱ ይጠና። አፖስትሮፍ የምትባለው ጭረት በዘፈቀደ አትቀመጥም፤ «ኦ» የተባለችው ፊደል በወደቀችበት ቦታ ላይ ትቆማለች። «ዊል ኖት» አጥሮ «ዎንት» መሆኑ ከመንገድ የወጣ ነውና ለብቻው ይያዝ። ለማመልከቻ፣ ለቢሮ ደብዳቤና ለመደበኛ ድርሰት ደግሞ ረጅሙ ይሻላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ አጭሩ ለጆሮ ይጠና፣ ረጅሙ ከባድ ጉዳይ ሲመጣ ለአፍ ይዘጋጅ። ለጌጥ ብሎ መድኃኒት ቤት ውስጥ «ት»ን የሚውጥ ሰው ጌጡ ዋጋ ያስከፍለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ዩ መስት ኖት ካም» ማለት «እንዳትመጣ፣ ክልክል ነው» ነው። «ዩ ዱ ኖት ሃቭ ቱ ካም» ማለት ግን «መምጣት ግዴታህ አይደለም፤ ከፈለግህ ና» ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሁለቱን ያላየ ሰው የተፈቀደለትን ይተዋል፣ ወይም የተከለከለውን ያደርጋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መምህራን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለአሉታ ጥያቄና መልስ ብቻ እንስጥ፤ ሠንጠረዡን ከመሙላት ይልቅ ልጆቹ ቆመው አፋቸውን ከፍተው ይመልሱ። ተማሪዎች፣ «የስ» ወይም «ኖ» ካላችሁ በኋላ አረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ተናገሩ። ጥያቄው ካልገባችሁ «አይ ዱ ኖት አንደርስታንድ» ማለት አያሳፍርም። ወላጆች ሆይ፣ በጉዳያችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ብትጠየቁ በጭንቅላት ንቅናቄ አትመልሱ። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ራሱ ባወጣው የአሠራር ደንብ የስደተኝነት ጉዳዩ የሚመረመር ሰው አስተርጓሚ ሊያገኝ ይገባል፤ ጠይቁ። ልጆችን በእንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ አስተርጓሚ አድርጎ ማቆም በእነርሱም ላይ ሸክም ነው።

ማታ ደግሞ እሳት ዳር ስትቀመጡ ልጆቻችሁን በእንግሊዝኛ እንዲህ ብለው እንዲጠይቋችሁ አድርጉ፦ «አልበላችሁም? ውኃ አልቀዳችሁም? ነገ ትምህርት የለም?» እናንተም በእንግሊዝኛ መልሱ፤ እነርሱ ያርሙ። ልጅ አባቱንና እናቱን ሲያርም ትምህርቱ ይበልጥ ይጸናለታል፤ ወላጅም ቢሮ በር ላይ ሲደርስ የሚለውን ያውቃል።