የአያቶቻችን ጋሻ በጨረታ ሲሸጥ፣ የተጻፈበት የማን ስም ነው?

ለንደን የሚኖር አንድ ወዳጄ በቅርቡ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ክብ ጋሻ ነው፤ ከቆዳ የተሠራ፣ ፊቱ በከፈይ የተሸፈነ፣ በላዩ የብር ጌጥ ያለበት። ከሥሩ «የአቢሲንያ ጋሻ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን» ይላል። ቀጥሎ የዋጋ ግምት፣ ከዚያ የጨረታው ቀንና ሰዓት። ወዳጄ የጨመረበት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ልግዛው ወይስ ልተወው?»

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ጥያቄው የእሱ ብቻ ስላልሆነ መልሱን እዚህ ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ስለ ጨረታው ራሱ ትንሽ ልበል። አጫራቹ መዶሻውን የሚመታበት ዋጋ ገዢው የሚከፍለው የመጨረሻ ዋጋ አይደለም። በላዩ የአጫራች ድርጅቱ ኮሚሽን አለ፤ ብዙ ቦታ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። እንግሊዝ አገር ከሆነ ደግሞ በኮሚሽኑ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨመርበታል። ጋሻው በ1,000 ፓውንድ ተመቶ ኮሚሽኑ 25 በመቶ ቢሆን ወዳጄ የሚከፍለው 1,300 ፓውንድ ነው፤ ማጓጓዣው ሳይቆጠር። የጎራዴው እጀታ የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የድሮ ጎራዴዎቻችን ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ የአውራሪስ ቀንድ ንግድ ግን በዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ የተገደበ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም።

የአሮጌ መሣሪያን ዋጋ ከቆዳውና ከብሩ በላይ የሚወስነው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ታሪኩ። የማን ነበር? የት ተገኘ? እንዴት እዚህ ደረሰ? ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው። ሁለት ጋሻ ጎን ለጎን ቢቀመጥ፣ አንዱ ታሪኩ ቢታወቅ፣ ሌላው ባይታወቅ፣ ገንዘቡ የሚሄደው ወደሚታወቀው ነው። የእኛ ችግር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ እንግሊዝ ኒውካስል ውስጥ የሚገኝ አንድ አጫራች ድርጅት የኢትዮጵያ ጋሻ ለሽያጭ አቀረበ። ግምቱ ከ800 እስከ 1,200 ፓውንድ ነበር። ጋሻው ላይ በእንግሊዝኛ «መቅደላ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1868» የሚል ተቀርጾበታል። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን በራሳቸው ላይ ያዞሩባት ቀን። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሽያጩ እንዲቆም ጠየቀ፣ ጋሻው ከጨረታው ወጣ፣ በኋላም ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሁላችንም ደስ አለን። እኔም። ነገር ግን ያችን ጽሑፍ ልብ በሏት። የቀረጻት የጋሻው ባለቤት አይደለም። ጋሻውን ይዞ አምባው ላይ የቆመው ሰው ስሙ የለም፤ አገሩ የለም፤ አባቱ ማን እንደሆነ የለም። የተጻፈው ለወሳጁ መታሰቢያ ነው። ጋሻውን ለሰብሳቢ ተፈላጊ ያደረገው ይኸው ጽሑፍ ነበር፤ ለመመለሱ ማስረጃ የሆነንም ይኸው ጽሑፍ ነው። ዘራፊው ባይጽፍልን ኖሮ በምን እንከራከር ነበር?

መቅደላ ላይ የሆነውም ከጨረታ ጋር የተያያዘ ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ከያዘ በኋላ የተዘረፈውን ሁሉ ጭኖ ወደ ደላንታ ወረደ። ለጭነቱ 15 ዝሆኖችና 200 ገደማ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን 1860 ዓ.ም. ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ቆመ። መኮንኖቹ ተጫረቱ፤ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስም ገንዘብ ይዞ ተገኝቶ ነበር። የተሰበሰበው ብር ለወታደሩ ተከፋፈለ። ማለትም ዛሬ በስልካችን የምናየው ጨረታ የመጀመሪያው አይደለም፤ ደላንታ ላይ የተጀመረው ሐራጅ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖትም አልተዘጋም። መቅደላ ላይ የቀረችው ከባዷ ሴባስቶፖል ናት። እሷ እስከ ዛሬ እዚያው አለች።

ሁለተኛው ትልቅ ዘረፋ የጣልያን ወረራ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1947 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል አንቀጽ 37 ጣልያን ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጀምሮ ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን የጥበብ ሥራዎች፣ ሃይማኖታዊ ዕቃዎች፣ መዛግብትና ታሪካዊ ዋጋ ያላቸውን ነገሮች በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድዳል። ቃሉ የመንግሥትን ንብረት ብቻ አይደለም የሚለው፤ «የኢትዮጵያ ወይም የዜጎቿ» ይላል። የአንድ አርበኛ ጎራዴም ታሪካዊ ዋጋ እንዳለው ማሳየት ከቻልን በዚህ ቃል ልንከራከርበት እንችላለን። ግን የማን አርበኛ? የየት አገር? አንድ ጣልያናዊ ቤተሰብ የአያቱን ሣጥን ከፍቶ ጎራዴውን ለጨረታ ሲያወጣ «ይህ የእገሌ ነው» ብሎ የሚነሳ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከሌለ አንቀጹ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ሰብሳቢዎቹን በጅምላ መውቀስም አልፈልግም። ብዙዎቹ የእኛን ጎራዴ ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። ስለቱ ጀርመን ዞሊንገን የተሠራ ይሁን የአገር ቤት አንጥረኛ የሠራው በአንድ እይታ ይለያሉ። ወጀግራና ሰናድርን ዘይት ቀብተው ያስቀምጣሉ። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1898 ድረስ የተሠራ ጠመንጃ በፌዴራሉ ሕግ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር ከአድዋ ዘመን መሣሪያ ብዙው በዚህ ውስጥ ይገባል፤ ሰብስበው ያጠኑታል። በስጦታ፣ በግዢ፣ በሕጋዊ መንገድ የወጣም ብዙ ነው። «እኛ ባንገዛው ምስጥ ይበላው ነበር» ሲሉ ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ማለት ይከብደኛል።

ምክንያቱም እኛ ቤት የሆነውን አውቃለሁ። የእናቴ አባት ጋሻና ጎራዴ ነበራቸው። ጋሻው በደርግ ጊዜ ተደብቆ ጎተራ ውስጥ ነቀዘ። ጎራዴውን ደግሞ አንድ አጎቴ ለልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲቸግረው አዲስ አበባ አምጥቶ ለአንድ የባህል ዕቃ ነጋዴ ሸጠው። አልፈርድበትም። ከዓመታት በኋላ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት ሱቆች አንዱ ገብቼ በግድግዳው የተደረደሩትን ጎራዴዎች እያየሁ የአያቴ የትኛው ሊሆን እንደሚችል ገመትኩ። ለመለየት የሚያስችል አንድ ነገር አልነበረኝም። ፎቶ የለም። ወረቀት የለም። ሻጩን የአንዱን ታሪክ ጠየቅኩት። «የድሮ ነው፣ የአርበኛ ነው» አለኝ። የሁሉም መልስ ያው ነበር። ከዚያ ወጥቼ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖልን ምስለ ቅርጽ ሳይ አፈርኩ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። መቅደላን አንስተን እንጮኻለን፤ መጮኻችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከገዛ ቤታችን በየቀኑ የሚወጣው ጎራዴ የዘራፊ ጽሑፍ እንኳን የለበትም። ነገ ጨረታ ላይ ቢቀርብ የምናስመልስበት ማስረጃ አይኖረንም፤ ስሙን ራሳችን አጥፍተነዋል።

ስለዚህ ለወዳጄ ያልኩት ይህንን ነው።

ጋሻው ላይ ወይም መግለጫው ላይ መቅደላ የሚል ካለ አትጫረት። የጨረታውን ገጽ ፎቶ አንሳው፤ ለኤምባሲውና ለቅርስ ባለሥልጣን ላከው። እ.ኤ.አ. በ2021 ብሪድፖርት ላይ ለጨረታ ቀርበው የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች የወጡት በዚሁ መንገድ ነው፤ በዚያው ዓመት ከተመለሱት ቅርሶች መካከልም ጋሻ ነበረበት። አንተ ከተጫረትክ ዋጋውን ከፍ ታደርጋለህ፤ ሻጩም «ኢትዮጵያዊው ራሱ ገዛው» ይላል።

መቅደላ የማይል ከሆነ ለአጫራቹ ጻፍ። ሻጩ ከማን አገኘው? መቼ ከኢትዮጵያ ወጣ? በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ከሆነ የፓሪሱን ውል አስታውሰው። መልስ ካልሰጠህ ገንዘብህን ኪስህ አቆየው። ግልጽ መልስ ከሰጠህና ንጹሕ ሆኖ ካገኘኸው ግዛ፤ የሰጠህን መልስ ግን በጽሑፍ ተቀበል፣ ከጋሻው ጋርም አብረህ አስቀምጥ።

ሦስተኛው ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም ነው። ዛሬ ማታ አገር ቤት ደውሉ። በሣጥን ውስጥ፣ በቆጥ ላይ፣ በግድግዳ የተሰቀለ ጋሻ፣ ጦር ወይም ጎራዴ ካለ ፎቶ ይነሣ። አዛውንቶቹ ሳያልፉ የባለቤቱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የዘመተበት ቦታ በወረቀት ይስፈር። የቅርስ አዋጁ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይላል፤ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መሄድ ነው። ቢቸግራችሁና ብትሸጡት እንኳ ስሙ ይቀራል።

ወዳጄ ለአጫራቹ ጻፈ። ጨረታው እስኪደርስ መልስ አልመጣም፤ እሱም አልተጫረተም። ጋሻው ለማን እንደተሸጠ አናውቅም። ወዳጄ ግን በማግስቱ ደብረ ታቦር ለሚኖሩት አያቱ ደውሎ ነበር። ዘጠና ዓመታቸው ነው። ስለ አባታቸው ጎራዴ ሲጠይቃቸው ለአንድ ሰዓት ያህል አወሩት፤ እሱም ቀዳው።