የዋጋ ስጋቱን ገበሬው ብቻውን አይሸከም

ስለ ግብይት የሚያስተምረን ነገር ሰሊጥና ማሽላ በሚመረትበት በሱዳኑ ገዳሪፍ ይገኛል። በሱዳን ገጠር ስንቁ ያለቀበት ገበሬ አዝመራው ሳይደርስ ከነጋዴ ገንዘብ ይወስዳል፤ ዕዳውንም አስቀድሞ በተቆረጠ ዝቅተኛ ዋጋ እህል እያስረከበ ይከፍላል። ይህ አሠራር ሸይል ይባላል። ያልደረሰ ምርት ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ የሚሸጥበት በመሆኑ የወደፊት ግብይት ዘመድ ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ግን ገንዘቡን የያዘው ወገን ነው። በእኛም አገር ቡና ገና በዛፉ ላይ ሳለ በቅድሚያ ክፍያ የሚሸጥበት ልማድ አለ። ስለዚህ የነገን ምርት ዛሬ መሸጥ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል ብሎ መከራከር ፋይዳ የለውም፤ ሽያጩ አለ፣ የጎደለው ሕግና ዋስትና ነው።

የሌሎች አገሮች ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በጃፓን ኦሳካ የዶጂማ የሩዝ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1730 ከመንግሥት እውቅና አገኘ። በ1848 የተቋቋመው የቺካጎ የእህል ገበያ ደግሞ በ1865 ወጥ የሆነ ውል አውጥቶ ተዋዋዮች ማስያዣ እንዲያስቀምጡ አስገደደ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ነጋዴዎች በጩኸትና በእጅ ምልክት ሲገበያዩ ኖረው፣ በ2015 በቺካጎ አብዛኞቹ የወደፊት ግብይት መድረኮች ተዘግተው ሥራው ወደ ኮምፒውተር ዞረ። መሠረቱ ግን ያው ነው፦ የታወቀ የጥራት ደረጃ፣ ማስያዣ፣ በየዕለቱ የሚሰላ ትርፍና ኪሳራ፣ በገዢና በሻጭ መካከል ቆሞ ለሁለቱም ኃላፊነት የሚወስድ አጣሪ ተቋም። ማስያዣውን መሙላት ያቃተው ነጋዴ ኪሳራው ሳይከመር ከውሉ እንዲወጣ ይደረጋል።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ሲጀምር ደረጃ አሰጣጥን፣ የመጋዘን ደረሰኝንና አስተማማኝ ክፍያን አስለመደ፤ በ2015 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት ጀመረ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም በዋናነት የሚሸጠው መጋዘን የገባ ምርት ስለሆነ፣ ቡናው ገና ያበበለት ገበሬ የሚተማመንበት ዋጋ አያገኝም። የኒውዮርክ የቡና ዋጋ በ2019 በፓውንድ ከ1 ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ በየካቲት 2025 ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ከሐምሌ 2024 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ስለጀመረ ላኪውም ሁለት ስጋት ተሸክሟል።

የወደፊት ግብይት ቁማር ነው፣ ምርት ያላዩ ሰዎች ዋጋ ያንራሉ የሚል ተቃውሞ ይሰማል። ስጋቱ መሠረት አለው። ነገር ግን አንድ ተገበያይ ሊይዝ በሚችለው መጠን ላይ ጣሪያ ማበጀት፣ ማስያዣን ማጥበቅና ጠንካራ ተቆጣጣሪ ማቆም ያንን ለመግታት የተፈተኑ መንገዶች ናቸው፤ ሸይልን ግን የሚቆጣጠረው የለም። ሌሎች ደግሞ ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ከዚህ ምን ያገኛል ይላሉ። እሱ ራሱ ስክሪን ፊት መቀመጥ አይኖርበትም፤ የኅብረት ሥራ ዩኒየኑ የአባላቱን ምርት አሰባስቦ ሊዋዋልለት ይችላል።

ጅምሩ ትንሽ ይሁን። አስቀድሞ በዩኒየኖች በኩል ተመዝግቦ በዋስትና የሚፈጸም የቡና ቅድመ ሽያጭ ውል ይዘርጋ፤ ልምዱ ሲጠነክር ወደ ሙሉ የወደፊት ግብይት ይኬድ። የሱዳን ባንኮች በሸይል ፈንታ ሰለም በተባለ የቅድሚያ ክፍያ ውል ሲያበድሩ፣ የርክክቡ ጊዜ ዋጋ ከውሉ ከልክ በላይ ሲርቅ የሚያካክስ አንቀጽ ጨምረዋል፤ ከዚያም መማር ይቻላል። ምርት ገበያው፣ ተቆጣጣሪውና ዩኒየኖቹ ይህን ውል ከመጪው የቡና ለቀማ በፊት አብረው ይቅረጹት።