ጓጉንቸር የሚፈታ ልጅ

ሰሞኑን እዚሁ አዳማ አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቁማኝ፣ «ሲስተር፣ ልጄ ከቁራሌው አሮጌ ጓጉንቸር እየገዛ በቀጭን ሽቦ ይከፍታል። ሌባ ሊሆንብኝ ነው መሰለኝ፤ አባቱም ሊገርፈው ዝቷል» አለችኝ። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። ለእርሷ ያልኳትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

አስቀድመን ቁልፍ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። በብዙዎቻችን በር ላይ ያለው ባለ ጥርስ ጠፍጣፋ ቁልፍ፣ አሜሪካዊው ሊነስ ዬል እ.ኤ.አ. በ1861 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዓይነት ነው። ሐሳቡ ግን ከጥንት ግብፃውያን የእንጨት ቁልፍ ጋር ይመሳሰላል። በውስጡ የሚዞር ክፍል አለ፤ በትንንሽ ሞላ የሚገፉ አምስት ወይም ስድስት ጥንድ ፒኖች እንዳይዞር ይይዙታል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ጥንድ በልኩ ያነሱትና የሚዞረው ክፍል ነፃ ይወጣል።

ታዲያ ያለ ቁልፍ እንዴት ይከፈታል? ፋብሪካ የሚበሳቸው ቀዳዳዎች ፍጹም በአንድ መስመር አይውሉም። ስለዚህ ውስጡ በቀስታ ለመዞር ሲሞከር ከፒኖቹ አንዱ ቀድሞ ይጠብቃል። እርሱ በልኩ ሲነሳ «ቀጭ» ይላል፤ ከዚያ የሌላው ተራ ነው። ጫና ከበዛ ሁሉም ይጨናነቃል። የልብ ትርታ ከእጅ አንጓ ላይ ስንቆጥርም እንዲሁ ነው፤ ጣት ሲከብድ ትርታው ይጠፋል። ይህ የትዕግሥት ሥራ ነው። ሌባ ግን ብዙውን ጊዜ ይቸኩላል፤ ፌሮ ይዞ መጥቶ ይገነጥላል።

እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ውስጥ አልፍሬድ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ፣ ከ60 ዓመት በላይ ማንም ያልከፈተውን የብራማ ቁልፍ 51 ሰዓት ደክሞ ከፈተው። 200 ጊኒ ተሸለመ እንጂ ወንጀለኛ አልተባለም። ጀርመን ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ቁልፍ መፍታትን እንደ ስፖርት የያዘ ማኅበር አለ። በዚህ ጨዋታ የታወቀው ሕግ ሁለት ነው፤ የራስህን ወይም ባለቤቱ የፈቀደልህን ብቻ ንካ፤ አገልግሎት ላይ ያለ በር ላይ አትሞክር።

ወላጆች ሆይ፣ ለልጁም ይህንኑ ንገሩት። ጓጉንቸሮቹ በአንድ ሣጥን ይቀመጡ፤ ሽቦውን ይዞ ከቤት አይውጣ፤ የጎረቤት በር ላይ እንዳይሞክር። የሰው ቤት ያለ ፈቃድ መግባት በአገራችን የወንጀል ሕግ እንደሚያስቀጣ በግልጽ ይስማ። ከተደበቀ ልጅ ይልቅ ፊታችሁ ተቀምጦ የሚፈታ ልጅ ይሻላል። ጎበዝ ከሆነም ከአንድ ታማኝ ቁልፍ ቀራጭ ጋር አስተዋውቁት፤ እንጀራ ሊወጣው ይችላል።

ለእኛ ለአዛውንቶችም ትምህርት አለው። ብዙ የበር ቁልፎች ከውስጥ ተሰክተው ካደሩ በትርፉ ቁልፍ ከውጭ አይከፈቱም። በሥራ ዘመኔ በስኳር መውረድ ወይም በስትሮክ ወድቀው፣ በር እስኪሰበር ውድ ሰዓት ያለፈባቸው እናቶችና አባቶች አይቻለሁ። ስለዚህ ማታ ከቆለፋችሁ በኋላ ቁልፉን ነቅላችሁ በሩ አጠገብ፣ ሁሉም የሚያውቀው ቦታ ስቀሉት። ትርፉን ለምታምኑት ልጅ ወይም ጎረቤት ስጡ። የመታጠቢያ ቤት መቀርቀሪያ ስትገዙም ከውጭ በሳንቲም የሚከፈተውን ምረጡ።

በመጨረሻም፣ በእኛ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነፋሱ አቧራውን ቁልፍ ውስጥ ድረስ ያስገባዋል። የምግብ ዘይት አትጨምሩበት፤ ከአቧራው ጋር ጭቃ ይሆናል። የቁልፉን ጥርስ በእርሳስ ቀብታችሁ ደጋግማችሁ አስገቡት፣ አውጡት። ሳይቸገር የሚከፈት በር በጭንቅ ሰዓት ሕይወት ያተርፋል።