ትልቅ ፍላሽ፣ ትልቅ ዕዳ

ታኅሣሥ ሲጋመስ የአዲስ አበባ የሠርግ ፎቶ አንሺዎች ስልክ መጮህ ይጀምራል። የገና ጾም ተፈቶ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ለብዙዎቹ የዓመቱን ቤት ኪራይ የሚሸፍኑ ናቸው። ስለዚህ ዕቃ የሚገዛውም ከዚያ በፊት ነው፤ እቁብ የደረሰው በእቁቡ፣ ያልደረሰው በብድር። ካሜራና ሌንስ ከተሟላ በኋላ ተራው የፍላሽ ይሆናል። የፍላሽ ነገር ደግሞ ሱቅ ውስጥም ሆነ ጓደኛ ዘንድ በአንድ ጥያቄ ያልቃል፦ «ስንት ዋት ነው?»

(ፍላሽ ሲባል ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው የፋይል መያዣ ትዝ የሚለው አንባቢ አይጠፋም። እዚህ የሚወራው ካሜራ አናት ላይ ተሰክቶ ወይም ስታንድ ላይ ቆሞ ብልጭ ስለሚለው መብራት ነው።)

ይህ ጥያቄ ድሮ የባለሙያዎች ጨዋታ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ፤ እዚያም አልቆመም። ፍላሽ ከቻይና ወይም በዱባይ በኩል፣ ብዙ ጊዜም በመንገደኛ ሻንጣ የሚገባ ዕቃ ነው። ዋጋው በዶላር ይታሰባል፣ የፎቶ አንሺው ገቢ ግን በብር ነው። ሙሽራው በበኩሉ የአዳራሹና የሰንጋው ዋጋ ስለናረበት መቀነስ የሚጀምረው ከፎቶው ነው። በዚህ መሃል ከሚያስፈልገው በላይ ብርቱ የሆነ ፍላሽ የገዛ ሰው ትርፉን ገና ሠርጉ ሳይደርስ አስረክቧል ማለት ነው።

ነገሩን ሳያድበሰብሱ መናገር ይሻላል። ሥራው አዳራሽ ውስጥ የሆነ የሠርግ ፎቶ አንሺ 600 ዋት-ሰከንድ የሚባለው መብራት አያስፈልገውም። ካሜራ አናት ላይ የሚሰካው መደበኛ ስፒድላይት 75 ዋት-ሰከንድ ገደማ ጉልበት አለው፤ የጎዶክሱ ቪ1 ለምሳሌ 76 ነው። ይህ ይበቃዋል። ሁለት ቢኖረው ደግሞ አንድ ትልቅ ካለው ጎረቤቱ የተሻለ ሥራ ይሠራል።

ምክንያቱ ብርሃን የሚቆጠርበት መንገድ ነው። የፍላሽ ጉልበት እጥፍ ሲሆን ፎቶው ላይ የሚጨምረው አንድ ስቶፕ ብቻ ነው። አንድ ስቶፕ ማለት ደግሞ የካሜራውን አይኤስኦ ከ400 ወደ 800 ከፍ ማድረግ ነው፤ አንድ ቁልፍ መንካት፣ በነጻ። ከ75 ወደ 600 ዋት-ሰከንድ ሲኬድ ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ሆነ ተብሎ ይፎከራል፤ የተገኘው ግን ሦስት ስቶፕ ነው። ያንኑ ሦስት ስቶፕ አይኤስኦን ከ200 ወደ 1600 በማድረስ ማግኘት ይቻላል። ወይም 4 ሜትር ላይ የቆመውን ትንሹን ፍላሽ ወደ 1.4 ሜትር በማስጠጋት። ብርሃን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ ሩብ የሚወርድ ነገር ነውና፣ ሁለት እርምጃ የተጠጋ ረዳት ከብዙ ሺህ ብር ጭማሪ ይበልጣል። በፊልም ዘመን 1600 ማለት አሸዋ የተነሰነሰበት ፎቶ ማለት ነበር። ዛሬ ሠርግ የሚነሣባቸው ካሜራዎች ግን 1600 ላይ ንጹሕ ምስል ይሰጣሉ። የፍላሽ ጉልበት ፉክክር ያ ዘመን ሲያልፍ አብሮ ማለፍ የነበረበት ልማድ ነው።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ገዢን ያሳስታል። «ጋይድ ነምበር» የሚባለው፣ ርቀትና የሌንስ ቀዳዳ ተባዝተው የሚገኘው መለኪያ፣ በራሱ ሐሰት የለበትም። ግን ፍላሹ ብርሃኑን ምን ያህል አጥብቦ ሲወረውር እንደተለካ ካልታወቀ ትርጉም የለውም። የካኖን 600ኢኤክስ-አርቲ ቁጥሩ 60 ነው፤ የተለካው የፍላሹ ዙም 200 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ብርሃኑ እንደ ባትሪ ጠብቦ ሲወጣ ነው። የኒኮን ኤስቢ-910 ደግሞ 34 ይላል፤ እሱ የተለካው 35 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ሰፋ ብሎ ሲበተን ነው። ሁለቱን ካርቶን ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው አንደኛው የሌላውን እጥፍ የሚያህል ይመስለዋል። በተግባር ግን በብርታት የሚቀራረቡ፣ አንድ ደረጃ ላይ የነበሩ ዕቃዎች ናቸው። ሠርግ ላይ ደግሞ ማንም 200 ሚሊ ሜትር ላይ አጥብቦ አይተኩስም፤ ፍላሹ ወደ ጣሪያ ተገልብጦ ብርሃኑ ተበትኖ ነው የሚወርደው።

እስኪ በዚያው በ34 ቁጥር አዳራሽ ይገባ። አይኤስኦ 800 ላይ 34 ወደ 96 ያድጋል። ፍላሹ ወደ ነጭ ጣሪያ ሲገለበጥ ከብርሃኑ ሦስት አራተኛው ጠፋ እንበል፤ ቁጥሩ በግማሽ ወርዶ 48 ይሆናል። ሌንሱ ኤፍ 4 ላይ ከሆነ ብርሃኑ 12 ሜትር መጓዝ ይችላል። 4 ሜትር ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ ወጥቶ ወርዶ ሙሽራዋ ፊት ላይ ለመድረስ 8 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። ማለትም ትንሹ የተባለው ፍላሽ ከግማሽ ባነሰ ጉልበቱ ሥራውን ይጨርሳል።

ጣሪያው ነጭ ካልሆነስ? ይህ የምር ጥያቄ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በየሳምንቱ ያጋጥማል። ዲኮር ሠሪው ጣሪያውን በወይን ጠጅ ጨርቅ ሸፍኖታል፣ ዙሪያውን ሰማያዊና ሐምራዊ መብራት ሰክቷል። ወይም ድግሱ ግቢ ውስጥ በቢጫ ድንኳን ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚደርሱበት መደምደሚያ «ጉልበት ይጨመር» ነው፤ የተሳሳተ መደምደሚያ ነው። ቢጫ ድንኳን ላይ 600 ዋት-ሰከንድ ቢተኮስበት የሚመለሰው ብዙ ቢጫ ብርሃን ነው፤ ሙሽሮቹም እርድ የተቀቡ መስለው ይወጣሉ። መፍትሔው ሁለተኛ ትንሽ ፍላሽ ነው፤ መደነሻው ጥግ ላይ ስታንድ ላይ ቆሞ፣ በነጭ ጃንጥላ በኩል፣ ካሜራው ላይ ካለው ትሪገር ትእዛዝ እየተቀበለ። የአንዱ ትልቅ መብራት ዋጋ ሁለት መካከለኛ ስፒድላይት፣ አንድ ትሪገር፣ ሁለት ስታንድና ትርፍ ባትሪ ችሎ ይተርፋል።

ስለ ልብሱም ማንሣት ያስፈልጋል፤ ከውጭ የሚመጡት የፍላሽ ማስተማሪያዎች ይህን አያውቁትም። ጠይም ፊት፣ ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ሀበሻ ቀሚስ፣ አጠገቡ ጥቁር ሱፍ። ይህን ሁሉ በአንድ ፎቶ ውስጥ ማስማማት የዚህ አገር ፎቶ አንሺ የዘወትር ፈተና ነው። ብርቱ ፍላሽ ፊት ለፊት ሲተኮስበት መጀመሪያ የሚጠፋው ልብሱ ነው። ሸማኔው ሳምንታት የደከመበት ጥለት ነጭ ጥርጊያ ይሆናል፤ ግንባር ላይ ያለው ላብ ያበራል፤ ከኋላ ያሉት አክስቶች ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። ከጎን የሚመጣ፣ ለስለስ ያለ፣ ቅርብ ብርሃን ግን ፊቱንም ጥለቱንም ያሳያል። ይህን የሚሰጠው የመብራቱ ቦታና ስፋት ነው፤ የካርቶኑ ቁጥር ስለዚህ ምንም አይናገርም።

ታዲያ ትንሹንና ርካሹን ገዝቶ መሄድ ነው? አይደለም። ለጉልበት የሚቀርበው እውነተኛ ክርክር ድምቀት ሳይሆን ትንፋሽ ነው። ደካማ ፍላሽ ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበቱ ስለሚተኮስ ከእያንዳንዱ ብልጭታ በኋላ እስኪሞላ ያስጠብቃል፤ ሲደጋገም ይግላል፤ አንዳንዱም ራሱን ለመጠበቅ ያጠፋል። ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው የእናትን ጉልበት ይስማሉ፤ እናት እንባዋ ቀደማት። ይህ አይደገምም፤ «እማማ፣ አንዴ እንደገና ያልቅሱልን» አይባልም። በዚያች ቅጽበት ፍላሹ ካልሞላ የቀረው ጥቁር ፎቶ ነው። በአራት ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ፍላሽ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ መሙያ ጊዜው ይረዝማል። ባለ ሊቲየም ባትሪው ግን ይታገሣል፤ የጎዶክስ ቪ860 ሁለተኛው ትውልድ በአምራቹ ልክ በሙሉ ጉልበት ከተኮሰ በኋላ በ1.5 ሰከንድ ይሞላል፣ በአንድ ሙሌት 650 ጊዜ ይተኮሳል። በግማሽና በሩብ ጉልበት ሲሠራ ደግሞ ቁጥሩ በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «በስንት ሰከንድ ይሞላል?» እና «ባትሪው ምን ዓይነት ነው?» ነው። ዋቱ ከእነዚህ በኋላ ይድረስ።

ትልቁ መብራት ቦታ የለውም ማለትም አይደለም። ቦታው ደጅ ነው፣ በቀትር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ተሰቅላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የጥር ሰማይዋም ደመና አያውቅም። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ እንጦጦ ወይም ወዳጅነት ፓርክ ሙሽሮችን ያቆመ ሰው ከፀሐይ ጋር ነው የሚወዳደረው። በአይኤስኦ 100፣ በሰከንድ 1/200ኛ ፍጥነት፣ ሌንሱ ኤፍ 11 አካባቢ ይገባል። በዚህ ልክ የ34 ቁጥሩ ፍላሽ ባዶውን 3 ሜትር ብቻ ይደርሳል፤ ሶፍት ቦክስ ሲገባበት ከ2 ሜትር በታች። ለሁለት ሰው በግድ ይበቃል። ሃያ የሚሆኑ ሚዜዎችና ዘመዶች ተሰልፈው ከቆሙ ግን ፍላሹ 4 እና 5 ሜትር መራቅ አለበት፤ እዚያ ላይ 600 ዋት-ሰከንድ የምር ያስፈልጋል። ፍጥነቱን ከዚያ በላይ ከፍ ላድርግ ያለ ደግሞ ከፍላሹ ብርሃን ብዙውን ያጣል። ሥራው በአብዛኛው ደጅ የሆነ፣ በተለይ ለማስታወቂያና ለፋሽን የሚያነሣ ባለሙያ ትልቁን ቢገዛ ማንም አይወቅሰውም። መሃል ላይ ለቆመው ደግሞ እንደ ጎዶክስ ኤዲ200 ያለ 200 ዋት-ሰከንድ አለ፤ በአንድ ቦርሳ ኪስ ይገባል።

ለቀረው ፎቶ አንሺ ግን የደጁ ሥራ በዓመት ስንት ቀን ነው? በሠርጉ ቀን አንድ ሁለት ሰዓት። ዛፍ ጥላ ሥር መግባት ሦስት ስቶፕ ያህል ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ትንሹ ፍላሽ እንደገና አንበሳ ነው። ፕሮግራሙን ከቀትር ወደ 10 ሰዓት ተኩል መግፋት የሚያስከፍለው ከሙሽራው ወንድም ጋር መከራከር ብቻ ነው። እምቢ ካለም ትልቁን መብራት ለአንድ ቀን ተከራይቶ መመለስ፣ ወይም ሦስት ጓደኛማቾች በጋራ አንድ ገዝቶ መፈራረቅ ይቻላል። የሚገርመው ድንኳንና ድስት ከእድር በጋራ የሚጠቀም ኅብረተሰብ ውስጥ፣ በዓመት አሥር ቀን ለሚሠራ መብራት እያንዳንዱ ለየብቻው ዕዳ መግባቱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ብዙው ትልቅ መብራት የሚገዛው ለብርሃን አይደለም፤ ለዓይን ነው። ደንበኛው ዕቃ አይቶ ሰው ይመዝናል። ሁለት ትንንሽ ፍላሽ ይዞ የመጣ ባለሙያ «ይቺን ብቻ ነው እንዴ የያዝከው?» ይባላል፤ ትልቅ መብራት በትልቅ ስታንድ ያቆመው ደግሞ ፎቶው ሳይታይ ይከበራል። ይህን ፎቶ አንሺው ብቻውን አያስተካክለውም። ውል የሚፈርመው ቤተሰብ የዕቃ ዝርዝር ከሚጠይቅ ይልቅ ባለፈው ዓመት በድንኳን ውስጥ፣ በማታ ያነሣውን አንድ ሙሉ ሠርግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢያይ ይሻለዋል፤ ተመርጠው የተለጠፉትን አሥር ፎቶዎች ሳይሆን።

በዚህ ሁሉ መሃል ትልቁ የምር የሚያስፈልገው ሰው ካለ መግዣ ጊዜው ታኅሣሥ አይደለም። ክረምቱ ገብቶ፣ ሠርጉ ቀርቶ፣ የብድሩ መክፈያ ሲመጣ ያኔ መግዛት ይሻላል፤ በጥር የተገዙት ባለ 600ዎች አንዳንዶቹ ከነካርቶናቸው ለሽያጭ ይወጣሉ። የመብራቱ ቱቦ አለመጥቆሩን ዓይቶ፣ በሙሉ ጉልበት ሃያ ጊዜ አከታትሎ ተኩሶ፣ ባትሪው በመሃል አለመውረዱን አረጋግጦ መግዛት ነው።