መኪናው ሳይመጣ ሲቀር

እነሆ ገና ደርሷል። በየቤቱ ሻንጣ ይሸከፋል፤ ለአያቶች የሚወሰደው ነጠላ፣ ቡናና ስኳር ይገዛል፤ ትኬት ይፈለጋል። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጋይንት፣ ወደ እስቴና ወደ ስማዳ የሚሄደው ቤተሰብ ዘመድ ጠይቆ ብቻ መመለስ አይፈልግም። "አንድ ቀን ደግሞ ልጆቹን ይዘን ወጣ እንላለን" ይላል። ጢስ ዓባይ፣ ጣና፣ ጉና ይባላል። ልጆቹም ከዚያች ሰዓት ጀምረው ቀን መቁጠር ይጀምራሉ።

ቀኑ ሲደርስ መኪናው ይበላሻል። ወይም ትንሿ ልጅ ሌሊቱን ሲያስመልሳት ታድራለች። ወይም "መንገዱ ተዘግቷል" የሚል ስልክ ይደወላል። ትንንሽ ልጆች ይዞ የወጣ ሰው እንደሚያውቀው፣ ያሰቡት ሁሉ እንዳሰቡት የሚሆንበት ቀን ጥቂት ነው። በዚህ ወር ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ስለተበላሸው ቀን ነው።

ልጆቹ የሚያለቅሱት ለምንድን ነው?

የአራት ዓመት ልጅ "ጉና እንሄዳለን" ሲባል የሚጠብቀው ተራራውን አይደለም፤ ተራራውን አያውቀውም። የሚጠብቀው በመስኮት በኩል መቀመጥን፣ ስልኩን ያስቀመጠ አባትን፣ ሣር ላይ ተቀምጦ እንቁላል መላጥን ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ሲፈርስ ቶሎ ከማባበል በፊት ዝቅ ብላችሁ ጠይቁት፦ "ከሁሉ ይልቅ የፈለግኸው ምን ነበር?" ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ነገር እዚያው ግቢ ውስጥ ሊሆን የሚችል ነው።

ሰባትና ስምንት ዓመት የሞላው ግን ሌላ ነው። እሱ የቦታውን ስም ያውቃል፤ ለጓደኞቹም ነግሯል። ሐዘኑ እውነተኛ ስለሆነ "ይህ ደግሞ ያስለቅሳል እንዴ?" አይባልም። "አዎ፣ እኔም በጣም ፈልጌው ነበር" ማለት ይበልጥ ያረጋጋዋል። ከዚያ በኋላ ለብቻው ትንሽ ቢያኮርፍ ተዉት፤ ኩርፊያም ጊዜ ይፈልጋል።

ሁለቱንም እኩል የሚጎዳቸው ግን አለማወቅ ነው። "አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል" እየተባለ ሦስት ሰዓት በር ላይ የተቀመጠ ልጅ፣ "ዛሬ መኪናው አይመጣም" ከተባለው ልጅ ይልቅ ይከፋል። እውነቱን እንዳወቃችሁት ወዲያው ንገሯቸው።

ወገዳ ላይ የዋልነው ቀን

የባለቤቴ አገር ስማዳ ነው፤ እናቱ የሚኖሩት ወገዳ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ገናን እዚያ ዋልን። ያኔ ልጃችን ሰባት፣ ልጅታችን ደግሞ አራት ዓመቷ ነበር። በበዓሉ ማግስት ወደ ጉና ሄደን፣ ጅብራ የሚባለውን ረጅም የደጋ ተክል አይተን፣ እግሩ ሥር ምሳ በልተን ማታ ልንመለስ መኪና ተኮናትረናል። ሹፌሩ የቀጠረን ለንጋቱ 12 ሰዓት ነበር።

12 ሰዓት አለፈ። 2 ሰዓት ሆነ፤ ስልኩ አይሠራም። 3 ሰዓት ሲሆን አንድ የጎረቤት ልጅ እየሮጠ መጥቶ "ሹፌሩ ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር ሄዷል" አለን። ልጆቹ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ጋቢ ተደርቦላቸው ደፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልጁ ቀና ብሎ "አባዬ፣ አገርህ መኪና የለም እንዴ?" አለው።

ልጅ ነው፤ ያየውን ነው የጠየቀው። ነገር ግን ባለቤቴ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። እኔም ምላሴ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረ፤ "ባሕር ዳር እንቆይ ብዬህ አልነበረም?" የሚል። አማቴ ከበስተጀርባችን ቆመዋል፤ ሌሊቱን ለመንገዳችን የጋገሩትን ድፎ ዳቦ በመሶብ ይዘዋል። ቃሉ ቢወጣ የሚሰማው ባሌ ብቻ አይደለም። እማማ "አገራችሁ አልበቃንም" ብለው ይሰሙታል። ልጆቹም የአባታቸውን አገር ሲያስቡ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚመጣባቸው የእኛ ጭቅጭቅ ይሆናል። ዝም አልኩ።

ዝምታውን የሰበሩት እማማ ናቸው። "ኧረ ተዉት ልጆቼ፤ ጉና የትም አይሄድም። ይልቅስ ሕፃናቱን ወደ አውድማ አውጧቸው፤ እህሉም እዚያው ይበላል" አሉ። መሶቡን ተሸክመን ወጣን። አጎታቸው ጤፍ እያበራየ ነበር፤ ለልጁ አለንጋ ሰጥቶ ከበሬዎቹ ኋላ አሰለፈው። ልጅቷ ገለባው ላይ እየተንከባለለች እማማ የሚፈለፍሉላትን የሽምብራ እሸት በላች። ልጁ እስከ እኩለ ቀን ኩርፊያው አልለቀቀውም ነበር። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጆች ለገና ጨዋታ ሜዳ ሲወጡ አንዱ ቆልማማ በትሩን አዋሰው። ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር አንድ ጊዜ በደንብ ሲመታት ጉና ከነስሙ ተረሳ።

እማማ ከዚያ በኋላ ሁለት ገና ብቻ ነው ያዩት። ዛሬ ልጆቹ ስለ አያታቸው ሲያወሩ የሚያነሡት ያንን አውድማ ነው። በዕቅዳችን ቢሆን ኖሮ እማማ ዳቦውን አስይዘው ሸኝተውን ቤት ይቀሩ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ለእሳቸው ቦታ አልነበረውም። ዘንድሮ ስታቅዱ ይህን አንድ ነገር አስቡበት፦ ልጆቹን ሊያዩ ዓመት ሙሉ የጠበቁ አዛውንት አሉና፣ የመዝናኛው ቀን ያለ እነሱ የታቀደ አይሁን።

ቀድሞ መጠየቅ ያድናል

ከሚበላሹት ዕቅዶች ብዙዎቹ ግን ሹፌር ስለቀረ የተበላሹ አይደሉም፤ ቀድሞ ቢጠየቅ ይታወቁ ነበር። በዚያ አቅጣጫ ለምትሄዱ ጥቂቶቹን ላንሣ።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፏፏቴው በፎቶ እንደምናየው ሞልቶ የሚወርደው ግን በክረምትና በመኸር መግቢያ ነው። በበጋ፣ ከውሃው ብዙው ወደ ኃይል ማመንጫዎቹ ስለሚሄድ ልጆቹ የሚያገኙት ቀጭን ውሃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በገና ወይም በፋሲካ የምትሄዱ ከሆነ "ትልቅ ፏፏቴ" ብላችሁ አትንገሯቸው። "በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ አራት መቶ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በፊት የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ላይ እንሻገራለን" በሏቸው። ድልድዩ በየትኛውም ወር አለ።

በጣና ላይ በጀልባ ለመሄድ ጠዋት ምረጡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እየበረታ ሞገዱ ትንንሽ ልጆችን ያስፈራል። ሴቶች ልጆች ያሏችሁ ደግሞ የትኛው ገዳም እንደምትሄዱ አስቀድማችሁ እወቁ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ወንድሟ ሲገባ እሷ ከጀልባው የቀረች የስድስት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ "ለምን?" ትላለች። አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስና በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ቤተሰቡን በሙሉ ይቀበላሉ።

ጉና ደግሞ ከፍታው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ባሕር ዳር በሸሚዝ የነበረ ልጅ እዚያ ጋቢ፣ ኮፍያና ካልሲ ይፈልጋል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄደው መንገድ ራሱ ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 3 ሺህ ይወጣል። መኪና የሚያዞራቸው ልጆች በብዛት ከሁለት ዓመት በላይ ያሉት ናቸው። ከመነሣታችሁ በፊት ቀለል ያለ ነገር አብሏቸው፤ መስኮቱን ገርበብ አድርጉ፤ ስልክ አትስጧቸው፤ ሩቅ ያለውን ተራራ እንዲያዩ አድርጉ። ላስቲክ ከረጢትና ቅያሪ ልብስ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ይሁን።

መንገድ ላይ ስትቆሙ

ጎማ ይፈነዳል፤ መንገድ ሠራተኞች ያስቆማሉ። ሁለት ሰዓት ቆማችኋል እንበል። ስልክ ከመስጠት በፊት አገሩን ስጧቸው። ለምሳሌ ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ላይ ከሆናችሁ ጥሩ ታሪክ አላችሁ። የአዲስ አበባ ልጆች ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመውን መድፍ ያውቁታል። እሱ የሴባስቶፖል ቅጂ ነው። እውነተኛው የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስጎትተውት፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል መንገድ እየተጠረገለት፣ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው፤ ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። "እኛ ሁለት ሰዓት ቆምን፤ እነሱ ስድስት ወር ጎተቱ" በሏቸው። ከዚያ ድንጋዩን መድፍ አድርገው በገመድ ይጎትቱ።

ምግቡን በተመለከተ የእናቶቻችን ስንቅ እስካሁን የሚያህለው የለም። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ በሶ አይበላሽም፤ ሳይሞቅም ይበላል። ከአራት ዓመት በታች ላሉት ግን ቆሎ ስለሚያንቃቸው በሶ ወይም ዳቦ ይሻላል። ውሃው ካሰባችሁት እጥፍ ይሁን። ከስንቁ ውስጥ አንድ ነገር፣ ብስኩትም ብርቱካንም ሊሆን ይችላል፣ "ለተበላሸ ሰዓት" ብላችሁ ደብቁ። ልጆቹ ማልቀስ ሲጀምሩ ሳይሆን ገና ሳይጀምሩ አውጡት።

ጥፋቱ የማን ነው?

ዕቅድ ሲፈርስ ትልልቆቹ የምንፈልገው ጥፋተኛ ነው። "አንተ ነህ ያረፈድከው።" "አንቺ ነሽ እዚህ እንምጣ ያልሽው።" ባልና ሚስት ከተለያየ አገር የመጡ ከሆኑ ደግሞ ወቀሳው ቶሎ "የእናንተ አገር" ወደሚል ይሄዳል። እዚያ ከደረሰ ስለ መኪና መነጋገር ቀርቶ ስለ ዘመድ መነጋገር ይጀመራል።

አንድ ስምምነት ከመንገዱ በፊት አድርጉ፦ የጥፋተኛው ነገር ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይነሣል። መኪናው ውስጥ አይነሣም፤ በአማት ቤት አይነሣም። ቀን ላይ የሚነሣው አንድ ጥያቄ ብቻ ይሁን፤ "አሁን ምን እናድርግ?" ምርጫውን ሁለት አድርጋችሁ ለልጆቹም አቅርቡላቸው፤ "ወንዝ እንውረድ ወይስ ገበያ እንሂድ?" የመረጠ ልጅ ቀኑ የተወሰደበት መስሎ አይሰማውም።

መተው ሲገባ

ጉዞውን እንደምንም ማዳን የማይገባበት ጊዜም አለ። ልጁ ካተኮሰው፣ ወይም ከፍታ ላይ ሆናችሁ ራስ ምታት፣ ማስመለስና ያልተለመደ መነጫነጭ ካየችሁበት ወደ ታች ውረዱ፤ ጫፉን ማየቱ ይቆይ። ሰዓቱ ስለመሸ ሹፌሩን "ፍጠን" አትበሉት፤ በዚያ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ሌሊት ከመንዳት ዘመድ ቤት ማደር ይሻላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። የምትጠይቁትም እዚያው ያለውን ዘመድና በዚያው ጠዋት የተመላለሰውን ሹፌር ይሁን። "ዛሬ አትውጡ" ካሏችሁ አትውጡ። ለልጆቹም ሳታስፈራሩ "ዛሬ መንገዱ ጥሩ አይደለም፤ ሌላ ቀን እንሄዳለን" በሏቸው፤ ቀኑን ግን ሳታውቁት ቃል አትግቡ። ልጅ "ነገ" የተባለውን አይረሳም።

ማታ ከመተኛታቸው በፊት እያንዳንዱን "ዛሬ ምን አየህ? ምን አየሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚመልሱላችሁ እናንተ ካቀዳችሁት ጋር ላይገጥም ይችላል። አታርሟቸው፤ ስሟቸው። በሚቀጥለው ዓመት ስታቅዱ ከዚያ ጀምሩ።

ለመንገደኞች ሁሉ መልካም ጉዞ፣ በቤታችሁ ለምትውሉም መልካም በዓል! በሚቀጥለው ወር እንገናኝ።