ስለ እናቶቻችን ምድጃ ሲወራ የት ነበርን?



ባለፈው ሴሚስተር በአንድ ወር ውስጥ ስለ ኃይልና ስለ አካባቢ ጥበቃ ሁለት ገለጻዎች በግቢያችን ተካሂደው ነበር። አንደኛው ስለ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ሁሉ ተቀምጦ ነበር፤ እኛም ዘግይተን ስለደረስን ቆመን ነው የሰማነው። ሁለተኛው ስለ እንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ነበር። መምህርቷ ፓወር ፖይንታቸውን ከፍተው ሲጀምሩ ከፊት ያሉት ሁለት ረድፎች እንኳ አልሞሉም። ከጀመዓችን የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን። ከሦስታችን አንዷ እህት ደግሞ በኋላ እንደነገረችን የገባችው ዝናቡ እስኪያባራ ለመጠለል ነበር።

ይህን እንድንጽፍ ያደረገን የዚያች እህት ጥያቄ ነው። መምህርቷ ከሲሚንቶ የሚሠራውንና ምጣዱን ዙሪያውን የሚከልለውን ምርጥ ምድጃ በፎቶ አሳዩ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል የሚለውን የሙከራ ውጤትም አቀረቡ። እህታችን እጇን አወጣች። «ሙከራው ላይ የነደደው እንጨት ምን ያህል ደረቅ ነበር?» ብላ ጠየቀች። «በኛ አገር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደረቅ እንጨት የለም። እናቴ የምታነደው እርጥብ ቅርንጫፍና ያልደረቀ ኩበት ነው። ያንን ምድጃ አግኝታ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጭሱ አላስቀምጥ ስላላት ወደ ጉልቻዋ ተመለሰች።» መምህርቷ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሙከራው በደረቅ እንጨት መሠራቱን ተናገሩ፤ በላብራቶሪ የሚገኘው ቁጥርና በሰው ማዕድ ቤት የሚገኘው ቁጥር አለመገጣጠሙ በዚህ ሙያ የታወቀ ራስ ምታት እንደሆነም አልሸሸጉም። ሲጨርሱ ከመድረክ ወርደው ደብተራቸውን አውጥተው የእናቷን አገር ጻፉ። እህታችን የአካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት።

ነገሩ ቀላል ፊዚክስ ነው። እርጥብ እንጨት ሲነድ ሙቀቱ መጀመሪያ የሚውለው በውስጡ ያለውን ውኃ ለማትነን ነው፤ እሳቱ ይቀዘቅዛል፣ እንጨቱ በደንብ ሳይቃጠል ይጨሳል። ጭሱን የሚውጠው ደግሞ ምድጃው ፊት የተቀመጠው ሰው ነው፤ እናት፣ እህት፣ ጀርባ ላይ የታዘለ ሕፃን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው መሞቱን ገምቷል። በአገራችን ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ገደማ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው። ከገጠር የመጣን ሁላችን ይህንን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገንም፤ ዓይኗ የሚያለቅስ እናት አለችን። ግን ጥናቱን የሚሠሩት ሰዎች እኛ የምናውቀውን ማወቅ ያስፈልጋቸዋል። የዚያን ቀን ይህ ሲሆን በዓይናችን አየን።

ስለ ግድቡ ገለጻ መሙላቱ አያስከፋንም። ከመካከላችን አባቱ ቦንድ የገዛ፣ ራሱም ከኪስ ገንዘቡ ያዋጣ አለ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም ደስታው የሁላችንም ነበር። ነገር ግን የግድቡ ወሬና የምድጃው ወሬ አንድ ወሬ መሆኑን ልብ አላልነውም። ግድቡ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ቢሆን ሦስት መቶ አምፖል በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። አንድ ሰፈር ቅዳሜ ጧት ምጣዱን አንድ ላይ ቢሰካ ትራንስፎርመሩ ይችለዋል? ምጣዱን ለመግዛት የማን አቅም ይፈቅዳል? መስመሩ ገና ያልደረሰውስ እስኪደርሰው በምን ይጋግር? ኃይሉ ከጉባ ተነስቶ እናታችን ምጣድ ሥር እስኪደርስ ያለው መንገድ ሁሉ የምርምር ርዕስ ነው። ሰው የማይገባባቸው ሴሚናሮች የሚያወሩትም ስለዚሁ ነው።

የማንገባበትን ምክንያት እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ የሰማነው ብዙ ነው። «ዲፓርትመንቴ አይደለም» የሚለው ይበዛል። «ሰርተፍኬት አለው?» የሚልም አለ። አንድ ወንድማችን እንደቀለደው የሻይ ሰዓት ሲደርስ አዳራሹ በድንገት ይሞላል፤ ከሻይ በኋላ ደግሞ በድንገት ይራቆታል። (እኛም ኬኩን አልጠላንም።) ከሁሉ የከበደን ግን «እዚያ የሚያወሩት እርስ በርሳቸው ነው፣ እኛ ምን ልንል እንገባለን?» የሚለው ነው። ይህን ያለን ሰነፍ ተማሪ አይደለም፤ ባቹን የሚመራ ልጅ ነው። ምርምርን ከላይ የሚወርድ ነገር አድርገን ለምደነዋል፤ መምህሩ ይናገራል፣ እኛ እንጽፋለን፣ ለፈተና እናጠናዋለን። ሴሚናር ግን ፈተና የለውም። ገና ያላለቀ ሥራ ነው የሚቀርበው። ያላለቀ ሥራ ላይ ደግሞ ጥያቄ ዋጋ አለው፤ ከታተመ በኋላ ግን የሚሰማው ያጣል።

የሐሮማያን ነገር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከዚያው የመጣችሁም አላችሁ። የሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት ስትጠጣው የኖረችው ሐይቅ በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደርቆ ከብት የሚሄድበት ሜዳ ሆነ። ጫትና አትክልት ለማጠጣት በየማሳው ሞተር ተተከለ፣ ከተማዋም ቀዳች፣ ከተራቆተው ተራራ የሚታጠበው አፈርም ሐይቁን ሞላው። አጠገቡ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የኖረ የግብርና ትምህርት ተቋም ነበር። ከመድረቁ በፊት ስለ ሐይቁ የጻፉ ተመራማሪዎችም ነበሩ። ጥናት አልጠፋም ማለት ነው። ተማሪ ሴሚናር ቢገባ ሐይቁ ይድን ነበር ብለን አናጋንንም። ነገር ግን ሞተር የሚያስነሳው ገበሬ ልጅ እንደኛው ግቢ ውስጥ የሚማር ልጅ ነው። አባቱ ለምን በማሽላ ፋንታ ጫት እንደሚተክል፣ ጫቱ በበጋ ውኃ ካላገኘ ምን እንደሚያጣ፣ የጎረቤት ሞተር እየሠራ የሱ ብቻ ቢቆም ምን እንደሚባል ያውቃል። ሐይቁን የሚለካው ባለሙያ ይህን ካልሰማ የሚጽፈው ምክር ማሳው ዳር ሲደርስ ይቀራል። በቅርብ ዓመታት ውኃው ወደ ሐሮማያ መመለስ ጀምሯል። አሁን የሚጠየቀው እንዴት ይቆያል የሚለው ነው፤ ይህም ሴሚናር ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

አዘጋጆቹንም የምንወቅስበት አለን። ማስታወቂያው ኖቲስ ቦርድ ላይ የሚለጠፈው አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ጧት ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ጥሩ ገለጻዎች ዓርብ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ተያዙ፤ ልክ ኹጥባ በሚጀመርበት ሰዓት። በወቅቱ ተነጫነጭን፣ «ሆን ብለው ነው» ያለም አልጠፋ። በሦስተኛው ላይ አንድ የጂሲ ወንድማችን ዝም ብሎ ቢሮ ገብቶ አናገራቸው። ሐሙስ አደረጉት። ነገሩ በሁለት ደቂቃ አለቀ፤ የሚያሳፍረውም ይኸው ነው። ሰውየው የሰጡት መልስ «ማንም ስላልነገረን ነው» የሚል ነበር። እስኪያናግሯቸው ድረስ ሁለት ገለጻ አመለጠን፤ ጥፋቱን ግማሽ በግማሽ ብንካፈለው ተገቢ ይመስለናል።

የቋንቋው ነገር ግን እንዲህ ቶሎ አያልቅም። ገለጻው በእንግሊዝኛ ነው፣ ጥያቄውም በእንግሊዝኛ ይጠበቃል። በአፋር ክልል ስለተስፋፋው ፕሮሶፒስ በተደረገው ገለጻ ላይ ከአፋር የመጣ ወንድማችን አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። ይህ ዛፍ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ከውጭ ከገባ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው፤ ዛሬ በክልሉ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል። አቅራቢው ዛፉን ከሰልና የተጨመቀ ማገዶ እያደረጉ መጠቀም ለሁለቱም ችግር መፍትሔ ነው፣ ኃይልም ይገኛል፣ ዛፉም ይመናመናል አሉ። ወንድማችን በጆሯችን እንዲህ አለን፦ «ከላይ ከቆረጥከው ከጉቶው አምስት ሆኖ ይነሳል፤ ከሥሩ ካልተነቀለ ለከሰል ብለህ ልታበዛው ነው። ፍየሎች ፍሬውን በልተው በሄዱበት ይዘሩታል። ደግሞ ከሰሉ ገንዘብ ሲያመጣ፣ ዛፉ እንዲጠፋ የሚፈልገው ማን ይሆናል?» ሦስት ጥያቄ፣ ሦስቱም በቀጥታ ከሥራው ጋር የተያያዙ። እጁን አላወጣም። «እንግሊዝኛዬ አያደርስም» አለ። እኛም ጠይቅልን እስኪለን ጠበቅን፤ እሱ ሳይለን እኛም ሳንነሳ ሰዓቱ አለቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ነገር ከውስጣችን አልወጣም። እንግሊዝኛው ለምን በቂ እንዳልሆነ ለማሰብ ጊዜ ነበረን፤ አቅራቢው ግን አማርኛም አፋርኛም ከሚሰማ ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳያውቀው ሄደ።

ወደ ራሳችን በር እንመለስ። ስለ ውኃ ብክነት በተደረገ አንድ ገለጻ ላይ አቅራቢዋ ስለሚያፈሱ ቧንቧዎች ሲናገሩ አንዳችን ሌላችንን አየን። ግቢያችን ውኃ በፈረቃ ነው የሚያገኘው፤ ውዱእ የምናደርግበት ቧንቧ ግን ከመጀመሪያው እጅ መታጠብ እስከ መጨረሻው እግር ሳይዘጋ ይፈሳል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውኃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ሐዲስ ላይ ሁላችንም ተምረናል፤ ይህም አንድ ሊትር የማይሞላ ውኃ ነው። ከገለጻው በኋላ አንድ ወንድም እንደወትሮው ውዱእ ሲያደርግ ከሥሩ ባልዲ አስቀመጥን። በሊትር ማሰሮ ስንሰፍረው አምስትን አለፈ። እሱ ራሱ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ። በሰዉ ቁጥርና በአምስት ሶላት ስታባዙት የሚመጣውን ለራሳችሁ ትተናል። የውኃ ምህንድስና የጂሲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ርዕስ ፍለጋ ሲንከራተቱ እናያለን፤ ይህ ርዕስ ከመስጂዱ በር ላይ ቆሞ እየጠበቃቸው ነው። ግማሽ ዙር ብቻ የሚከፈት ቧንቧ፣ ወይም ያፈሰሰው ውኃ ለአትክልት የሚሄድበት ቦይ፣ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለንም።

እንግዲህ ያሰብነው ይህ ነው። ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ በኃይል፣ በውኃና በአካባቢ ላይ በሚደረግ እያንዳንዱ ገለጻ ከጀመዓው ሁለት ሰው ይገኛል፤ አንድ ወንድም፣ አንዲት እህት፣ በተራ። ከዲፓርትመንቱ መሆን አያስፈልግም፣ እንዲያውም ባይሆን ደስ ይለናል። የሰሙትን ቅዳሜ ከዐስር በኋላ በአሥር ደቂቃ ይነግሩናል፤ እኛም ጥያቄ ካለን ለሚቀጥለው እንሰጣቸዋለን። ቀኑና ሰዓቱ ቀደም ብሎ እንዲነገረን የዲፓርትመንት ተጠሪዎችን የሚያናግር ሰው ተመድቧል፤ ዓርብ ከሆነ በዚያው ቀን ሄዶ ይጠይቃል እንጂ አንነጫነጭም። ስም የሚመዘገበው በቤተ መጻሕፍታችን ጠረጴዛ ላይ ባለው ደብተር ነው፤ እህቶች በእህቶች ዘርፍ ተጠሪ በኩል መመዝገብ ይችላሉ።

ፕሮሶፒስን ያቀረቡት መምህር የቀጣዩን ዙር ውጤታቸውን በዚህ ሴሚስተር እንደሚያቀርቡ ሰምተናል። የአፋሩ ወንድማችን መጀመሪያ ስሙን አስመዝግቧል። ጥያቄውን በአፋርኛ ያቀርባል፤ የዶርም ጓደኛው ወደ እንግሊዝኛ ይመልስለታል። ሁለቱ አሁን ማታ ማታ ከኢሻ በኋላ «ጉቶ» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ይከራከራሉ።